ቡናው በእጄ፣ ደብተሩ በስሙ

የቡና ለቀማ ሲያልቅ የሒሳብ ጥያቄ ይጀምራል። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ቡና ገበሬዎች ማኅበራት ናቸው፤ የጻፉልኝም ሴቶች ይበዛሉ። አራቱን መርጫለሁ። ዓምዱን አሁን ለምትጀምሩ አንባቢዎች፦ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ መመርመር ነበር። ደቡብ ውስጥ ብዙ መዝገብ ገልጫለሁ። የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የመዝገብ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። የምጽፍልዎ ከይርጋጨፌ አካባቢ ነው። ጽሑፉን የጻፈችልኝ ሴት ልጄ ናት። ቡናውን የምለቅመው እኔ ነኝ። ከልጆቼ ጋር ተሸክሜ ማጠቢያ ጣቢያ የማደርሰውም እኔው ነኝ። ደብተሩ ግን በባለቤቴ ስም ነው። ዘንድሮ ማኅበሩ ዲቪደንድ፣ የትርፍ ድርሻ ማለቴ ነው፣ መክፈሉን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። ብሩ ለሞተር ሳይክል ቀብድ ሆነ። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። አይመታኝም፣ አይጠጣም። ግን አልጠየቀኝም። የማኅበሩን ጸሐፊ «በስሜ መዝግበኝ» ብለው «አንድ ቤት አንድ አባል ነው፣ ሕጉ አይፈቅድም» አለኝ። እውነት ነው ወይ? ቤቴ ውስጥ ጠብ ሳላስገባ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ ቆንጆ አድርጋ ጽፋልሻለች። ይህንንም እሷው ታንብብልሽ።

ከጸሐፊው ልጀምር። ሕጉ አይፈቅድም ያለሽ ልክ አይደለም። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አባል የሚሆነውን ሰው በፆታ አይለይም። ከሱ በፊት የነበረው 147/1991ም አይለይም ነበር። «አንድ ቤት አንድ አባል» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ልማድ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ደንብ ከሆነም የአባላቱ ነው፤ ያወጣው ጠቅላላ ጉባኤ ነው፣ ጠቅላላ ጉባኤ ያሻሽለዋል። ስለዚህ ጸሐፊውን በትሕትና «የትኛው አንቀጽ ላይ ነው? ያሳዩኝ» በይው። ልጅሽ አጠገብሽ ትቁም። እኔ ባየኋቸው ማኅበራት ይህ ጥያቄ ሲቀርብ ደንቡ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ይጠፋል።

አሁን አንቺ የምታውቂውን፣ ሌሎች አንባቢዎች ግን ላያውቁት የሚችሉትን ልንገራቸው። ጥቅምት ላይ አመሻሽ አንድ ማጠቢያ ጣቢያ በር ላይ ብትቆሙ ሚዛኑ ፊት የሚሰለፉት ባብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ከረጢቱ ይወርዳል። አረንጓዴውና የተበላሸው ፍሬ ከቀዩ እሸት ይለቀማል። ይመዘናል። መዝጋቢው ቀና ሳይል «ስም?» ይላል። ሴትየዋ የባሏን ስም ትናገራለች። ባልየው በዚያ ሰዓት የት እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ደረሰኙ በሱ ስም ይቆረጣል፣ እሷ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትወስድለታለች። ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ እኔ መዝገቡን ስገልጠው ያን ሁሉ ቡና የተሸከሙት ወንዶች ይመስላሉ።

ነገሩ የይርጋጨፌ ብቻ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት በቡና ምርት ላይ ከሚውለው ጉልበት እስከ 70 በመቶው የሴቶች ነው ብሏል። በሴት የሚመራው እርሻ ግን ከ20 እስከ 30 በመቶ ነው።

የስም ጉዳይ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቀኝ ልንገርሽ። ዲቪደንድ የሚሰላው በደረሰኝ ነው። ከተጣራው ትርፍ ላይ መጠባበቂያው ይነሣና ቀሪው ለአባላቱ ባስገቡት ቡና መጠንና ባላቸው ዕጣ (ማኅበሩ ውስጥ ባስቀመጡት የገንዘብ ድርሻ) ይከፋፈላል። ሒሳብ ሹሙ የማን ጀርባ እንደተላጠ አያውቅም። የሚያውቀው የደረሰኙን ስም ነው። አንቺ ያመጣሽው እያንዳንዱ ኪሎ በሱ ስም ተደምሮ ነው ሞተር የሆነው።

ደብዳቤሽ ላይ ያልጠቀስሽው አንድ ነገር አለ። አንቺን አላውቅም፤ እኔ ግን በየደረስኩበት ሰምቼዋለሁ። ቤት ውስጥ ጨው ሲያልቅ ወይም የልጅ ደብተር ሲጎድል ሴቷ ከደረቀው ጀንፈል አንድ ሁለት ጣሳ ቀንሳ በር ላይ ለሚመጣ ሰብሳቢ ትሸጣለች። ሚዛን የለም፣ ደረሰኝ የለም። ባልየው ሳይመጣ መጨረስ ስላለባት መከራከሪያ ጊዜም የላትም። የሰጣትን ትቀበላለች። ባሎች ደግሞ ይህን ስርቆት ይሉታል! ሰው የገዛ ቡናውን ተደብቆ በርካሽ ሲሸጥ ሌባው ማን እንደሆነ ለናንተው ልተወው። ያ ቡና ማኅበሩ ጋ ስለማይደርስ ዲቪደንድ አይሰላበትም። ሴቷ በስሟ ደብተር ቢኖራት የጣሳው ቡና ወደ ሚዛኑ ይመጣ ነበር። ይህን ለሥራ አመራር ኮሚቴው ንገሪው። ስለ ሴት መብት ሲወራ የሚያንቀላፋ የኮሚቴ ሰብሳቢ ስለ ቡና መጠን ሲሰማ ይነቃል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫችሁን አውጥተሽ ስምሽ እንዳለበት እዪ። እስከ 2016 ዓ.ም. ሲሠራበት የነበረው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ማረጋገጫ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር፤ ስለዚህ ስምሽ የመገኘቱ ዕድል ሰፊ ነው። ካለ ፎቶ ኮፒ አስደርጊ። ከዚያ ልጅሽ አንድ ገጽ ማመልከቻ ትጻፍልሽ። ከባለቤቴ ጋር የጋራ የቡና መሬት አለኝ፣ አባል መሆን እፈልጋለሁ፣ መመዝገቢያና ዕጣ እከፍላለሁ፣ ይኸው ነው። ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ላይ ጸሐፊው «ደርሶኛል» ብሎ ቀን ጽፎ ይፈርምልሽ። በቃል የተጠየቀ በቃል ይቀራል። መልስ ከከለከሉሽ የወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት አለ። ስትሄጂ ግን ብቻሽን አትሂጂ። እንዳንቺ ዓይነት ችግር ያለባቸው ጎረቤቶች አታጪም፤ አንድ ሴት ስትሄድ የቤት ጉዳይ ነው ይባላል፣ ስድስት ሆናችሁ ስትሄዱ የማኅበር ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ባለቤትሽ። ከጋራ እርሻ የተገኘ ገንዘብ የጋራ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 213/1992 እንዲህ ይላል፣ የክልል የቤተሰብ ሕጎችም በዚህ ላይ አይለዩም። ይህን ግን መጀመሪያ ቀን አትምዘዢበት። ክፉ ሰው አይደለም ብለሽኛል፣ አምኜሻለሁ። የማይጠይቀው ሲጠየቅ ስላላየ ሊሆን ይችላል። አባቱም እናቱን አልጠየቀም። እራት ላይ «ሁለታችንም አባል ብንሆን በጉባኤ ሁለት ድምፅ ይኖረናል» ብለሽ ጀምሪ። ወንዶች ድምፅ ይወዳሉ። ቀጥለሽ የማኅበሩ ክፍያ በሁለታችሁ ፊርማ በሚወጣ የጋራ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ጠይቂው።

ሞተሩን አትንኪበት። እሱ አልፏል። ይልቅ «ጥቅምት ላይ እሸቱን ማጠቢያ ጣቢያ የሚያደርሰው ሞተሩ ነው» ብለሽ ሰው ባለበት አመስግኚው። ከዚያ በኋላ እንዴት እምቢ ይላል?

ሁለተኛ ሚስት ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፦ የእናንተ ጉዳይ ከዚህ ይጠነክራል። ለብቻው እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የሀገር ቤት ቡና ስገዛ የፌርትሬድ፣ ማለትም የፍትሐዊ ንግድ፣ ምልክት ያለበትን እመርጣለሁ። ባለፈው ሳምንት 340 ግራም የይርጋጨፌ ቡና በ18 ዶላር ገዛሁ። ጓደኞቼ «ለምልክቱ ነው የምትከፍዪው» እያሉ ያሾፉብኛል። ከዚያ ገንዘብ ለለቃሚዋ ሴት የሚደርሳት አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ እርሳስና ወረቀት አምጪ።

ፌርትሬድ ገዢውን ለገበሬዎች ማኅበር ሁለት ነገር ያስከፍለዋል። አንደኛው የዋጋ ወለል፣ ገዢው ከዚያ በታች የማይከፍለው ዋጋ፣ ነው። ለታጠበ አረቢካ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በፓውንድ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ነው። የዓለም ገበያ ከዚህ በላይ ከሆነ ገዢው የገበያውን ዋጋ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የኒውዮርክ ዋጋ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ወለሉ ከታች ተኝቶ ነው የሚውለው። ዋጋ ሲወድቅ ነው የሚፈለገው። እ.ኤ.አ. በ2001 ፓውንዱ ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። በዚያ ዘመን ሐረርጌ ውስጥ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ገበሬ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ፕሪሚየም የሚባለው ነው። በእያንዳንዱ ፓውንድ ጥሬ ቡና ላይ ከዋጋው በተጨማሪ 20 ሳንቲም ይከፈላል። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ስለሚቀንስ ያንቺ 340 ግራም ሳይቆላ 400 ግራም ገደማ ነበር። ይህ ወደ 0.9 ፓውንድ ነው። በ20 ሳንቲም አባዢው። ከ18 ዶላርሽ ፕሪሚየም ሆኖ የሚሄደው 18 ሳንቲም ገደማ ነው። ቁጥሩ እንዲህ መገጣጠሙ ለኔም አስቆኛል። ቀሪው የጥሬ ቡናው ዋጋ፣ የመርከቡ፣ ቡናውን የሚቆላው ድርጅት፣ የሱቁ ኪራይና ትርፍ ነው።

«ይኸው፣ ብለን ነበር» ይሉሻል ጓደኞችሽ። ቆይ በያቸው። በአንድ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚይዝ 320 ጆንያ ይጫናል። 19,200 ኪሎ ማለት ነው። ፕሪሚየሙ ወደ 8,465 ዶላር ይመጣል። በገጠር ቀበሌ ይህ ገንዘብ ወግ ያለው ነገር ይሠራል። በ1991 ዓ.ም. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት የተቋቋመው የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን፣ ከሱ ተከትለው የመጡት የሲዳማና የይርጋጨፌ ዩኒየኖችም እንዲህ ባለ ገንዘብ ትምህርት ቤትና የውኃ መስመር አሠርተዋል።

ለለቃሚዋ በእጇ ይሰጣታል ወይ ላልሽው፣ አይሰጣትም። ፕሪሚየሙ የሚገባው ወደ ማኅበሩ ነው። ከ20ው ሳንቲም ቢያንስ 5ቱ ለምርታማነትና ለጥራት ይውላል። የቀረውን ምን ላይ እንደሚያውሉት አባላቱ በጠቅላላ ጉባኤ በድምፅ ይወስናሉ። አንድ አባል አንድ ድምፅ። እዚህ ጋ ነው ያንቺ 18 ሳንቲም ከይርጋጨፌዋ ሴት ደብዳቤ ጋር የሚገናኘው። ደብተሩ በባሏ ስም ከሆነ ድምፁም የሱ ነው። የማኅበራትን ቃለ ጉባኤ ሳነብ ልዩነቱን እመለከት ነበር። አዳራሹን ወንዶች የሞሉት ጊዜ መጋዘን፣ የቢሮ አጥር፣ የስብሰባ ወንበር ይወሰናል። ሴቶች በርከት ባሉበት ጉባኤ የውኃ ቦኖና ወፍጮ ይነሣል። መጋዘን መጥፎ ነው አላልኩም። ነገር ግን መጋዘን ውኃ አይቀዳም።

ስለዚህ ምልክቱ የሚነግርሽ ቡናው ከማኅበር እንደመጣ ነው። ማኅበሩ ውስጥ ስንት ሴት በስሟ እንደተመዘገበች አይነግርሽም። አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ለውጭ ገበያ የሚወጣውን ቡና በእጃቸው የሚለቅሙ የቀን ሠራተኞችም አሉ፤ እነሱም ሴቶች ናቸው። የማኅበር አባል ስላልሆኑ በፕሪሚየሙ ላይ ድምፅ የላቸውም። ስለነሱ ከረጢቱ ላይ የተጻፈ ነገር አይቼ አላውቅም።

ብዙ ሰው የማያወራው፣ እኔ ግን ከፕሪሚየሙ እኩል የማየው ሌላ ጥቅም አለ። ክረምት ላይ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ቡና አምራች ቤት ውስጥ ብር የለም። የትምህርት ቤት ምዝገባው ግን ያኔ ነው። ነጋዴው ይህን ያውቃል። ቡናው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ብር ያበድርና ሲደርስ በራሱ ዋጋ ይወስደዋል። ቡና በአበባው ተሸጠ ይባላል። ብዙ ጊዜ ይህን ብድር የምትለምነው እናት ናት፣ ዕዳው ሲከፈል ደግሞ የምትለቅመው እሷው ናት። የፌርትሬድ ደንብ ማኅበሩ ከጠየቀ ገዢው የውሉን ዋጋ እስከ 60 በመቶ በቅድሚያ እንዲያቀርብ ያዛል። ይህ ብር በጊዜ ከደረሰ ማኅበሩ እሸቱን በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። ካልደረሰ «ነገ ኑ» ይላል። ነገ ኑ የተባለች ሴት ደግሞ የምትሄደው ነጋዴው ጋ ነው።

መግዛትሽን አታቁሚ። ግን ጠይቂ። ቡናውን ለሚቆላው ድርጅት ኢሜይል ጻፊለት። ቡናው ከየትኛው መሠረታዊ ማኅበር ነው? ቅድመ ክፍያ ሰጥታችኋል? ሴቶች ለይተው ያስገቡት ቡና አላችሁ? ሦስተኛው ጥያቄ ቅንጦት አይደለም። ፔሩ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ሴት ገበሬዎች ቡናቸውን ከወንዶቹ ለይተው «ካፌ ፌሜኒኖ» በሚል ስም መሸጥ ጀመሩ። ክፍያው በቀጥታ ለሴቷ ነው የሚደርሰው። በኛም ሀገር የሴቶችን ቡና ለይተው የሚያቀርቡ ማኅበራት አሉ። ቡናው ለብቻው ሊመዘን፣ ለብቻው ሊደርቅ የሚችለው ግን ሩቅ ሀገር ያለ ገዢ «እሱን እፈልጋለሁ» ሲል ነው። ለሁለት ጆንያ ብሎ የተለየ የማድረቂያ አልጋ የሚይዝ ሥራ አስኪያጅ የለም። ጓደኞችሽ ከሹፈቱ ቀንሰው አንድ አንድ ኢሜይል ቢጽፉ ደግሞ አይጠላም።

ጥያቄ፦ ከዲላ ነው የምጽፈው። እናቴ በማኅበራቸው የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ሆና ተመርጣለች። ደስ ብሎናል፣ ግን ማንበብና መጻፍ አትችልም። «ሴት ትኑርበት ስለተባለ ነው እንጂ» የሚሉ አሉ። ስብሰባ ስትሄድ ወረቀት ያቀርቡላታል፣ በአውራ ጣቷ ትፈርማለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን ገንዘብ ጎድሎ ቢገኝ ምን ትሆናለች ብዬ እፈራለሁ። ትልቀቅ እንዴ?

መልስ፦ አትልቀቅ፣ ልጄ። አውራ ጣቷ ግን ከዛሬ ጀምሮ ጾም ይያዝ። ያልተነበበላትን ወረቀት አትፈርም። «ልጄ ያንብብልኝና ነገ አመጣዋለሁ» ትበላቸው። ይህን ስትል ፊታቸው የሚለዋወጠው ሰዎች እነማን እንደሆኑ ትያቸው። ብዙ ነገር ይነግራታል።

ፍርሃትህ ግን ከንቱ አይደለም። የፈረመ ይጠየቃል።

ማንበብ አለመቻልና ሒሳብ አለማወቅ ይለያያሉ። እናትህ ገበያ ወጥተው ሲመለሱ ስንት እንደሸጡ፣ ለማን ስንት እንዳበደሩ በቃላቸው እንደሚያውቁ እገምታለሁ። ቁጥጥር ደግሞ ይኸው ነው። የገንዘብ ያዡ ሣጥን በፊታቸው ይቆጠር፤ መዝገቡ ላይ ያለው የዛሬ ሒሳብ በድምፅ ይነበብ፤ ሁለቱ ይገናኙ። በለቀማ ወቅት ሚዛኑ አጠገብ ይቀመጡ። ክብደቱ የታወቀ ነገር፣ ያልተከፈተ የማዳበሪያ ከረጢት ለምሳሌ፣ ሚዛኑ ላይ ያሳርፉበት። እኔ የሚያጭበረብር መዝገብ ለማግኘት ቀናት ይፈጅብኝ ነበር። የሚያጭበረብር ሚዛን ግን ወዲያው ይያዛል። በር ላይ የተለጠፈው የኪሎ ዋጋ ለገበሬዋ ከተከፈለው ጋር መግጠሙንም ከሰልፉ ሁለት ሦስት ሴት ጠይቀው ያረጋግጡ። ሴቶቹ ለሳቸው ይናገራሉ፣ ለሰብሳቢው አይናገሩም። የመመረጣቸው ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ዑጋንዳ ውስጥ፣ በርዌንዞሪ ተራሮች ሥር፣ ቡኮንዞ ጆይንት የሚባል የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። እዚያ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ዛፍ ይሥላሉ። ሥሩ ላይ ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ቅርንጫፉ ላይ ማን በምን እንደሚጠቀም በሥዕል ያስቀምጣሉ። ፊደል አያስፈልግም። ዛፉ ወደየት እንዳጋደለ ሁለቱም ያዩታል። አንተ ተምረሃል፤ ለእናትህ የማኅበሩን ገቢና ወጪ በሥዕል አድርገህ አሳያቸው። ቁጥሮቹን ማንበብ ደግሞ በአንድ ክረምት ይለመዳል። ቤት ውስጥ አስተማሪ እያለ ምን ያስፈራል?

የስብሰባ ሰዓቱንም ጠይቅልኝ። በገበያ ቀን ከሆነ ወይም ከመሸ በኋላ ከተማ መጠጥ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ እናትህን የመረጧቸው እንዳይመጡ አድርገው ነው። ሰዓቱ ይቀየር ብለው በቃለ ጉባኤ ያስይዙ።

ጥያቄ፦ ከአለታ ወንዶ። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም የማኅበሩ አባል ብንሆን ዕጣ ሁለት ጊዜ ልንከፍል ነው። ቡናው ያው ቡና ነው፣ አይጨምርም። ትርፉ ምንድን ነው? ጓደኞቼ «ሚስትህን አለቃ ልታደርጋት ነው» ብለው ይስቁብኛል።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሒሳብ መጠየቅዎን ወደድኩት። ቡናው አይጨምርም፣ እውነት ነው። ነገር ግን ዕጣ እንደ መመዝገቢያው ቀልጦ የሚቀር ወጪ አይደለም። በስምዎ የተቀመጠ ገንዘብ ነው።

ትርፉን ልንገርዎት። በጉባኤ ከቤትዎ ሁለት ድምፅ ይወጣል። ማኅበሩ ለአባላት ብድር የሚያመቻች ከሆነ ባለቤትዎም በስማቸው ይጠይቃሉ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሰው የማይወደው ነገር ነው፤ ሞት። ባል በጥቅምት ሲሞት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ቡናው ቀልቷል፣ አይጠብቅም። መዝጋቢው በሟች ስም አልመዝንም ይላል። ሚስት የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት ፍርድ ቤት ትመላለሳለች። በዚህ መሐል እሸቱ ለደላላ በተገኘው ዋጋ ይሄዳል፣ የዓመቱ ዲቪደንድም ከሱ ጋር። ባለቤትዎ የራሳቸው ደብተር ካላቸው በማግስቱ ሚዛኑ ፊት ቆመው የራሳቸውን ስም ይናገራሉ።

ስለሚስቁት ጓደኞችዎ አይጨነቁ። የነሱ ሚስቶችም ለዚህ ዓምድ ይጽፋሉ።

ከመክፈልዎ በፊት ግን መተዳደሪያ ደንቡን ተቀብለው ስለ ዕጣ መመለስ የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ፤ አባል ሲለቅ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚመለስለት መጻፍ አለበት። ለሁለቱም ክፍያ፣ ለመመዝገቢያውና ለዕጣው፣ በባለቤትዎ ስም የተለያየ ደረሰኝ ይቀበሉ። ለቀማ ከተጀመረ በኋላ ጸሐፊውን ቢሮ ማግኘት ስለማይቻል መስከረም ሳይገባ ጨርሱት።